ከዘበኛው ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማስተማር ከጀመርሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውነት ራሱን ስለሚያጠቃባቸው ሕመሞች፣ ኦቶኢሚዩን ስለሚባሉት፣ ልታስተምሪ ነው። ከተማሪዎችሽ አንዷ ደግሞ ዓይነት 1 ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። «እሷን ሳላሳቅቅ እንዴት ላስተምር?» ነው ያልሽው። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ልበልሽ።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገርሽ። በሦስተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ ይህንኑ ትምህርት ሳስተምር የለምጽ ፎቶ አሳትሜ ይዤ ገባሁ። ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ፎቶውን ያየልኝ የለም። ሃምሳ ምናምን አንገት ወደ ኋላ ዞሮ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየ። ከንፈሯ ዙሪያና ጣቶቿ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ነበራት። ሁሌ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ስለምትለብስ እኔ ልብ ብዬ አላውቅም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሯን ዘጋች፣ በቃ። በማግስቱ ቀረች። በሳልስቱም። ከዚያ እናቷ መጡና «ልጄ እዚህ ስትመጣ ረስታው ነበር የምትውለው፤ እርስዎ አስታወሷት» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ልጅቷን ለብቻዋ አናግሪያት። ቢሮ አስጠርተሽ ግን አይሆንም። ቢሮ መጠራት በራሱ ወሬ ነው። ደብተር ስትመልሺላት ወይም በር ላይ ስትገናኙ፣ «ሳምንት ስለ ስኳርም እናነሳለን፤ ያንቺን ነገር አላነሳም፤ ባትነኪው የምትይኝ ነገር አለ?» በያት። አንዳንዱ ልጅ «እኔ ራሴ ልናገር» ይላል። አንዳንዱ «የዛን ቀን ብቀርስ?» ይላል። ሁለቱንም ፍቀጂ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የመጀመሪያው ጣጣ ቃሉ ነው። «በሽታ የመከላከል አቅም» ብለሽ አፍሽን ስትከፍቺ ግማሹ ክፍል ኤች አይ ቪ ብሎ ይደመድማል። አይፈረድባቸውም፤ ቃሉን የሰሙት እዚያ ነው። ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይተላለፋል?» ይልሻል። ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሺው። እኔ በዘበኛ ነው የማስረዳው። አንድ ግቢ አስቡ እላለሁ። ዘበኞች አሉት፤ በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች ማለት ናቸው። ኤች አይ ቪ ሲገባ ዘበኞቹን ራሳቸውን ይገድላል፤ ግቢው ክፍት ይቀራል። በኦቶኢሚዩን ግን ዘበኞቹ በሙሉ ጤናቸው አሉ። ችግሩ፣ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብለው ይደበድባሉ። የአንድ ግቢ ዘበኛ ደግሞ አጥር ዘሎ የጎረቤት ልጅ አይደበድብም። ስለዚህ አይተላለፍም። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ ሲል ታያለሽ።

ለምጽን ካነሳሽ አንድ ነገር ጨምሪ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ «ለምጽ» የሚለው ቃል ከሥጋ ደዌ ጋር ተቀላቅሎ ስለተነበበ ሰው ይፈራዋል። ሁለቱ አይገናኙም። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ለምጽ ደግሞ ለቆዳችን ቀለም የሚሰሩት ሴሎች በራሳችን ዘበኞች ሲጠቁ የሚመጣ ነው።

ዘበኞቹ ለምን እንደሚሳሳቱ ጊዜ ወስደሽ አስረጂ። ልጆቹ የሚወዱት ይህን ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ። ከዘበኞቹ አንዱ ዓይነት የሆኑት የቲ ሴሎች ትምህርት ቤት በይው። ቲ ሴል የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሴል ይፈተናል፤ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃ ሆኖ ከተገኘ ይወገዳል። አብዛኞቹ ፈተናውን አያልፉም። «ከእኛ ማትሪክ ይብሳል» ስላቸው ይስቃሉ። ሆኖም ጥቂት አጥፊዎች አምልጠው ይወጣሉ። እነሱን ውጭ ላይ የሚያረጋጉ ሌሎች ቲ ሴሎች አሉ፣ የዘበኞች አለቃ እንደማለት። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን በ1995 አሳወቀ። ከአሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው፤ ልጆቹ ይምታታባቸዋልና ንገሪያቸው።)

ሌላው የመሳሳቻ መንገድ መመሳሰል ነው። ለእኛ አገር ልጆች ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌም እዚህ ጋ ነው፦ ቶንሲል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል። ዘበኞቹ የሌባውን ጃኬት መልክ በአእምሯቸው ይይዛሉ። ሌባው ከሄደ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመሳሳይ ጃኬት የለበሰ የቤት ልጅ ያያሉ። ያ የቤት ልጅ ልብ ነው፣ መገጣጠሚያም ነው። ጉልበት ያብጣል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን። ሰው «ብርድ ነው» ይላል። የልብ ቫልቭ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይጠባሳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። እዚህ ላይ እኔ ቆም እላለሁ። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ሐኪም የሚያዘው ፔኒሲሊን ግን ይከላከላል። አንዴ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት መወጋት አለበት። ክፍልሽ ውስጥ በየወሩ አንድ ቀን የሚቀር ልጅ ካለ ፎርፎ ነው ብለሽ አትቸኩዪ።

ሉፐስ የሚባለውን ሌላ ኦቶኢሚዩን ሕመም በአንድ ቃል አስታውሳቸዋለሁ። የዘበኞቹን መሣሪያ፣ አንቲቦዲን፣ በአማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» እንለዋለን። ስሙ ሥራውን ይናገራል፣ እንግዳን መቃወም። በሉፐስ ግን ፀረ ቤተሰብ ይሆናል። ጉንጭና አፍንጫ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ሽፍታ፣ ቁርጥማት፣ የማይለቅ ድካም፤ ሲብስ ኩላሊት። ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ፀሐይ ያባብሰዋል። ስለዚህ እኛ ሰፈር «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። ዳማ ከሴውን አልነቅፍም፤ እናቴም አሽታልኛለች። ምቹ በተመላለሰ ቁጥር ግን የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል።

እንቅርትን ካነሱ ተጠንቀቂ። እኛ አገር አብዛኛው እንቅርት የአዮዲን እጥረት ያመጣው እንጂ ኦቶኢሚዩን አይደለም።

ወደ ልጅቷ ስኳር እንምጣ። ክፍሉ «ጣፋጭ አብዝታ ነው» ብሎ ያምናል፤ አንዳንዴ ልጅቷም ታምናለች። ዓይነት 1 ከረሜላ የሚያመጣው አይደለም። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ሴሎች ዘበኞቹ አወደሟቸው። የታማሚውም የእናቱም ጥፋት የለበትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ከዚያ የሊዮናርድ ቶምሰንን ታሪክ ንገሪያቸው። በጥር 1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዕድሜው 14፣ የእነሱ እኩያ። በዚያ ዘመን ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ይሞት ነበር። እሱ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። የኔ ተማሪዎች ይህን ከሰሙ በኋላ መርፌ የምትወጋውን ልጅ የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል።

ጸበል ይነሳል፣ አይቀርም። እኔ አልከራከርም። «ጸበሉም ይቀጥል፣ ኢንሱሊኑም አይቋረጥ» እላለሁ። ጾም ላይም፣ ያለ ሐኪም ምክር መጠኑን መቀነስም መዝለልም የለም። ፍሪጅ የሌለው ቤት ኢንሱሊኑን በውሃ የረጠበ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ያቀዘቅዛል፤ ይህን ብዙዎች አያውቁም።

«ታዲያ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በልተን ኢሚዩኒቲያችንን ብናበረታስ?» የሚልም ይኖራል። ከኮሮና ወዲህ በየዓመቱ ይጠየቃል። «ልጅህን የሚደበድብ ዘበኛ ዱላ ትጨምርለታለህ?» ብዬ እመልሳለሁ። ሕክምናው ተቃራኒ ነው። ወይ የጠፋውን ትተኪያለሽ፣ እንደ ኢንሱሊን። ወይ ዘበኛውን ታረጋጊዋለሽ፣ ፕሬድኒሶሎን እንደሚባለው መድኃኒት። የተረጋጋ ዘበኛ ደግሞ እውነተኛ ሌባም ያሳልፋል፤ ስለዚህ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ያለ ሐኪም በድንገት ማቆምም አደጋ አለው።

በመጨረሻ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ብትንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያጠምቃት፣ ንግግሯ ቢወላገድ፣ ስኳሯ ወርዶ ይሆናል። ብቻዋን ወደ ክሊኒክ አትላኪያት። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠሽ አጠጫት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ድገሚላት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፤ በጎኗ አስተኝተሽ ወደ ሐኪም ውሰጃት። እኔ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ስኳርና ከረሜላ አስቀምጣለሁ። ቁልፍ ግዢለት። ያለ ቁልፍ ሁለት ቀን አይቆይም፤ ሞክሬዋለሁ።