«ሁዋን ሶቶ በ19 ዓመቱ ገብቷል፤ እኔስ?»

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «18 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ሃይስኩል እጨርሳለሁ። ቤዝቦል እጫወታለሁ፤ ሴንተር ፊልድ ነኝ። ሁለት የክለብ መልማዮች መጥተው አይተውኛል። አሰልጣኜ በጁላይ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት)፣ መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ልትመረጥ ትችላለህ ብሎኛል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፊል ስኮላርሺፕ ሰጥቶኛል። አባቴ ቤዝቦል አያውቅም። ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› እያለ ኮሌጅ ግባ ይለኛል። እኔ ግን መቺው ሁዋን ሶቶ በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ፣ ትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ፣ መግባቱ ከጭንቅላቴ አይወጣም። አንድ ልጅ ለሜጀር ሊግ መድረሱ በምን ይታወቃል? እኔስ መቼ እደርሳለሁ?»

ወንድሜ፣

በቅድሚያ አባትህን ሰላም በልልኝ። ዱላና ኳስ ሲባል እሳቸው ትዝ የሚላቸው የገና ጨዋታ ይሆናል። ተረቷን ግን ቦታዋ ላይ ነው ያሳረፏት። እመለስባታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከሶቶ ልጀምር። ያንተ ሰፈር ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። 2018ን የጀመረው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሄገርስታውን ውስጥ ነበር፤ ከታችኞቹ ማይነር ሊጎች (ለሜጀር ሊግ ልጆች ከሚያሳድጉት) በአንዱ። ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ከፍ አለ፣ ከዚያ ወደ ፔንሲልቬኒያዋ ሃሪስበርግ። ሃሪስበርግ የቆየው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ሜይ 20 ላይ ዋሽንግተን ናሽናልስ ጠሩት። በዚያው ዓመት 22 ሆም ራን (አጥር የሚያልፍ ምት) መታ። በዓመቱ የወርልድ ሲሪስን፣ የሜጀር ሊግን የፍጻሜ ዋንጫ፣ አነሳ። በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

አንተን የሚያጓጓህ ይሄ ነው፤ አልፈርድብህም። ግን ሁለት ነገር ዘለሃል። አንደኛ፣ ሶቶ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የፈረመው በ16 ዓመቱ ነው፣ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር። በ19 ዓመቱ ሲጠራ ቤዝቦል እንጀራው ከሆነ ቆይቷል። አንተ በ16 ዓመትህ ከአልጀብራ ጋር ስትታገል ነበር። ሁለተኛው ይበልጣል። ሶቶን ቶሎ ያደረሰው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ በ116 ጨዋታ 79 ዎክ አገኘ፤ ዎክ ማለት አራት መጥፎ ውርወራ ሳይመታ ያሳለፈ መቺ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ጣቢያ) ሲሄድ ነው። መመታት የሌለበትን ኳስ ዝም ብሎ ያሳልፋል ማለት ነው። የ19 ዓመት ልጅ፣ ስታዲየሙ ሙሉ ሆኖ፣ እጁን ሰብስቦ መቆም! ስንት ትልልቅ ሰዎች አያደርጉትም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በሜጀር ሊግ ፈጣን ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ፍጥነቱን ግን ማንም ጎበዝ ልጅ ከጊዜ በኋላ ይለምደዋል። የሚከብደው ሌላው ነው። እላይ ያለ ወርዋሪ ፈጣኑን ስትጠብቅ ዝግ ያለውን ይልክብሃል። መሃል የመጣች የመሰለችህ ኳስ ዱላህን ስታነሳ ቁልቁል ትወርዳለች። ደግሞ ያጠናሃል። ባለፈው ሳምንት ምን ዓይነት ኳስ እንደሳትክ በቪዲዮ አይቶ ነው የሚመጣው። ድክመትህን ካገኘ እስክታስተካክለው ድረስ እዚያው ላይ ይደበድብሃል።

ለዚህ ነው የማይነር ሊግ ደረጃዎች የተደረደሩት፦ ከጀማሪዎቹ ሊግ በላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። መልማዮች ሲያዩህ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጡሃል፤ 50 ማለት የሜጀር ሊግ መካከለኛ ተጫዋች ማለት ነው። መምታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ ውርወራ፣ ኳስ መያዝ፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። የሃይስኩል ልጅ ሲመዘን ግን አብዛኛው ነጥብ ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል ከሚል ግምት ነው የሚመጣው። ግምቱ እውነት መሆኑ የሚለየው ብዙውን ጊዜ ደብል ኤ ላይ ነው ይላሉ የዚያ ሰፈር ሰዎች። እዚያ ያሉት ወርዋሪዎች ሐሳብ አላቸው።

እዚያ ሁሉ አልፎም ግን ነገሩ አያልቅም። ባልቲሞር ቅርብህ ስለሆነ ጃክሰን ሆሊዴይን ታውቀዋለህ። የ2022 ድራፍት አንደኛ ምርጫ። አባቱ ማት ሆሊዴይ ሰባት ጊዜ ኦል ስታር፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ፣ የሆነ ሰው ነው፤ ልጁ ያደገው ሜዳ ላይ ነው። በ2023 አራቱንም ደረጃዎች በአንድ ዓመት ወጣቸው። በኤፕሪል 2024፣ በ20 ዓመቱ፣ ኦሪዮልስ ጠሩት። ከዚያስ? በአሥር ጨዋታ ውስጥ ከ34 ሙከራ የተሳካለት 2 ሂት ብቻ ነው። 18 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ፤ ሦስት ጥፋት ሞልቶበት ወጣ ማለት ነው። ወደ ኖርፎክ፣ ወደ ትሪፕል ኤ መለሱት።

ጁላይ 31 ላይ ተመልሶ መጣ። በዚያው ቀን ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሳለ መታ፤ የመጀመሪያ ሆም ራኑ ግራንድ ስላም (በአንድ ምት አራት ነጥብ) ሆነች። ፊልም ይመስላል። ፊልሙ ግን እዚያ አላለቀም፤ ዓመቱን የጨረሰው በ.189 ነው፤ ከሺህ ሙከራ 189 ሂት እንደማለት። በቀጣዩ ዓመት ነው ቦታውን የያዘው። እንግዲህ ይህ ልጅ «የደረሰው» መቼ ነው ትላለህ? ኤፕሪል? ጁላይ? በዓመቱ?

ኋላ ትልቅ ኮከብ የሆነው ማይክ ትራውትም እንዲሁ። በ19 ዓመቱ፣ በ2011፣ 40 ጨዋታ ተጫውቶ .220 መታ። 2012ን ትሪፕል ኤ ጀመረ። በኤፕሪል መጨረሻ ሲመለስ .326 መትቶ፣ 30 ሆም ራንና 49 የተሰረቀ ቤዝ (ምት ሳይጠብቅ በሩጫ የያዘው) ይዞ፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

የኔ መልስ ከዚህ ነው የሚወጣው። የደረሰ ልጅ የሚባለው ደህና የሚመታ ልጅ አይደለም። ወርዋሪዎቹ ካወቁት በኋላ እንደገና የሚመታ ልጅ ነው። ይሄ ከዕድሜ አይነበብም። ከአንድ ጥሩ ወርም አይነበብም። ልጁ ወድቆ፣ ከወደቀ በኋላ ምን እንዳደረገ አይተህ ነው የምታውቀው።

እኔም አንዴ ሳልደርስ ተሹሜ አውቃለሁ። በ25 ዓመቴ አንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ አደረገኝ። ከአራት ወር በኋላ ተነሳሁ። ሥራውን አውቀው ነበር፤ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ነው ያላወቅኩት። ደግነቱ እንደ ሆሊዴይ 18 ስትራይክ አውቴን የሚቆጥርብኝ ቴሌቪዥን አልነበረም።

አሁን ወደ አባትህ ተረት። በ1973 ቴክሳስ ሬንጀርስ ዴቪድ ክላይድ የሚባል የሂዩስተን የሃይስኩል ወርዋሪ አንደኛ አድርገው መረጡ። ቡድኑ ደካማ ነው፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው። ባለቤቱ ተመልካች ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁን ማይነር ሊግ ሳይልኩት፣ ትምህርቱን በጨረሰ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ በ18 ዓመቱ፣ ቀጥታ ሜጀር ሊግ ላይ አቆሙት። ከ35 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ስታዲየሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ልጁም አሸነፈ! የመጀመሪያውን ጨዋታውን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን እዚያው እላይ እየተማረ፣ እየተመታ፣ ክንዱ እየታመመ ሄደ። በሜጀር ሊግ ጠቅላላ ያሸነፈው 18፣ የተሸነፈው 33 ነው። የመጨረሻው የሜጀር ሊግ ዓመቱ 1979 ነበር፤ ገና 24 ዓመቱ። የታጠቀው ሲሮጥ ነበራ። ደግሞ ልብ በል፣ ያስታጠቁት ሌሎች ናቸው፤ ለራሳቸው ጥቅም።

ክለብ መቼም ክለብ ነው። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው የደረሰውን ልጅ ያቆዩታል። በሜጀር ሊግ 172 ቀን አንድ የአገልግሎት ዓመት ነው፤ ስድስት ዓመት ስትሞላ ወደፈለግከው ክለብ ለመሄድ ነጻ ትወጣለህ። በ2015 ክሪስ ብራያንትን ቺካጎ ከብስ ጥቂት ቀናት አዘግይተው ጠሩት፤ ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ። በአንዲት ቀን ጎደለ፤ ነጻ መውጫው በአንድ ዓመት ተገፋ። ስለዚህ «ተጠራሁ» ማለት «ደረስኩ» ማለት አይደለም፤ «አልተጠራሁም»ም «አልደረስኩም» አይደለም። ይሄ ግን ላንተ ገና ሩቅ ነው፤ እንለፈው።

ላንተ የቀረበው ጥያቄ ሌላ ነው። ለሲንግል ኤ ደርሰሃል ወይ? በ18 ዓመትህ፣ ከእናትህ ወጥ ርቀህ፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ያህል ጨዋታ። በ2023 የተፈረመው የማይነር ሊግ የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት የሲንግል ኤን ክፍያ በዓመት 26,200 ዶላር አደረገው። ከዚያ በፊት ከዚህም በጣም ያነሰ ነበር። የሜጀር ሊግ ዝቅተኛው ደመወዝ ለ2026 780,000 ዶላር ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን ዳገት ብዙው ልጅ አይጨርሰውም።

ድራፍቱ 20 ዙር ነው። የምትመረጠው መጨረሻ አካባቢ ከሆነና የፊርማው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ የኔ ሐሳብ ከአባትህ ጋር ነው። ኮሌጅ ግባ። ምክንያቴ ትምህርት ጥሩ ነው የሚለው ብቻ አይደለም። ክለብ ብዙ ያፈሰሰበትን ልጅ ነው ብዙ የሚታገሠው። በትንሽ ገንዘብ የገባ የ18 ዓመት ልጅ አንድ ክፉ ዓመት ካሳለፈ ወረፋው ያልፈዋል። ኮከቡን አሮን ጀጅን ተመልከት። በ2010 ከሃይስኩል ሲወጣ ኦክላንድ በ31ኛው ዙር መረጠው (ያኔ ዙሩ ከ20 ይበልጥ ነበር)። እምቢ ብሎ ፍሬዝኖ ስቴት ገባ። በ2013 ያንኪስ በመጀመሪያው ዙር ወሰዱት። ሜጀር ሊግ የደረሰው በ24 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ እሱም ከ84 ሙከራ 42 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 52 ሆም ራን።

አንድ ሕግ ግን ቀድመህ እወቅ። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባህ ሦስተኛ ዓመትህን እስክትጨርስ ወይም 21 እስክትሞላ ድራፍት አትመለስም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከሆነ ግን በየዓመቱ ልትመረጥ ትችላለህ። መጠበቁ ከጨነቀህ መሃል መንገድ እሱ ነው። መፈረሙ ከበለጠብህ ደግሞ ክለቡ ለኋላ ትምህርትህ የሚከፍለው ገንዘብ ውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ። በቃል የተባለ አይቆጠርም።

እስከ ጁላይ ሦስት ነገር አድርግ። አሰልጣኝህን የመታሁትን ሳይሆን መምታት የሌለብኝን ስንት ኳስ እንደሞከርኩ ቁጠርልኝ በለው። አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ስትገጥመው ምን እንደምታደርግ ለይተህ ጻፍ፤ በዚያ ሰዓት እሱ አውቆሃል። ደግሞም የእንጨት ዱላ ግዛ። ሃይስኩል የምትመታው በብረት ነው፤ እላይ ያለው ሁሉ እንጨት ነው። ብረት ጥፋትህን ይሸፍንልሃል፤ እንጨት እጅህን ያነዝርሃል።

ሰመር ላይ ደግሞ እዚያው አካባቢህ ካል ሪፕከን ሊግ የሚባል፣ የኮሌጅ ልጆች በእንጨት ዱላ የሚጫወቱበት ሊግ አለ። አባትህን ይዘህ አንድ ማታ ሂድ። አጠገባቸው ቁጭ በልና ሕጉን አስረዳቸው። ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ይፈጅብሃል። ከአራተኛው ጀምሮ አሰልጣኙን መተቸት ይጀምራሉ።