የ48 ሰዓት ነገር

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ቸርችል ጎዳና ላይ ማኪያቶ እየጠጣን አንዲት ኢንተርን ያለጊዜው የመጣን ምጥ ስለሚያዘገየው መድኃኒት፣ «ኒፈዲፒን ምጡን ሁለት ቀን ብቻ ካዘገየው ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። የቆየ ጸጸቴን ነካችብኝ።

አንዲት የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ያለጊዜዋ ምጥ ይዟት ሌሊት በአምቡላንስ መጣች። የሪፈር ወረቀቷ «ኒፈዲፒን፣ ዴክሳ፣ 8 ሰዓት» ይላል፤ ዴክሳ የሕፃኑን ሳንባ የሚያበስለው መርፌ፣ ዴክሳሜታዞን ነው። የትኛው ተሰጠ? የትኛው ታዘዘ? የሀበሻ 8 ነው የፈረንጅ? ማንም አልጠየቀም። ንጋት ላይ ምጡ ጋብ አለ፣ ሆዷ ላላ፣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ተረኞቹ ሁሉ እፎይ አልን። ዴክሳሜታዞኑን ግን ሌላው የሰጣት እየመሰለን ማናችንም አልሰጠናትም። በሁለተኛው ቀን ማታ ምጡ ተመልሶ ወለደች። ሕፃኑ በየትንፋሹ ያቃስታል፤ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኒፈዲፒኑ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሁለቱን ቀን ያባከንነው እኛ ነን።

የማህፀን ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ነው፤ ኒፈዲፒን ያን መግቢያ ይዘጋል። ምጡን የቀሰቀሰውን ግን አይነካም፤ ስለዚህ ምጡ ይመለሳል። ኢንፌክሽን ካለ ወይም እንግዴ ልጁ ከተላቀቀ ማዘግየቱ ራሱ ጉዳት ነው፤ አይሰጥም። ሲሰጥ በአፍ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ ከ10 እስከ 20፣ ከ48 ሰዓት ሳያልፍ። ከምላስ ሥር አታድርጉ፤ የደም ግፊቷ በድንገት ይወርዳል።

የሕፃኑን ሳንባ የሚያበስለው ዴክሳሜታዞን ነው፦ 6 ሚሊግራም በጡንቻ፣ በየ12 ሰዓቱ፣ አራት ጊዜ። ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይ በእህት መድኃኒቱ በቤታሜታዞን ሠርተው በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው በር የከፈተው። አራተኛው መርፌ በ36ኛው ሰዓት ላይ ይውላል። የሁለት ቀኑ ጥቅም ይኸው ነው።

ምጥ ለማዘግየት የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ የእናቲቱን ልብ ያስሮጣል፣ ሳንባዋም ውሃ ሊይዝ ይችላል። ማግኒዥየም ከ32 ሳምንት በፊት የሚሰጠው ለሕፃኑ አንጎል እንጂ ምጥ ለማቆም አይደለም።

የዛሬ ልጆች ዶዙን ከስልክ በሰከንድ ታገኛላችሁ፤ እጃችሁን ሆዷ ላይ አሳርፋችሁ አሥር ደቂቃ ምጥ መቁጠር ግን ይሰለቻችኋል። ስልኩን መንቀፌ አይደለም፤ እናቲቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳችው የአልትራሳውንድ ወረቀት ፎቶ ስልኳ ላይ ካለ፣ የእርግዝናውን ሳምንት ከዚያ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ሪፈር ስትጽፉ የሁለቱን መድኃኒት ሰዓት ለየብቻ ጻፉ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተሰጥቷል» ብላችሁ፣ ከሰጪው ፊርማ ጋር።