ዘጠኙን ዓመት ጥለህ አትግባ

ከድሬዳዋ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። 9 ዓመት ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመጋዘን ገቢና ወጪ የሚመዘግብ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስትሠራ ቆይተሃል። አሁን አሠሪዎችህ በቢሮው ኮምፒውተርም በሾፌሩ ስልክም የሚከፈት ነገር ይፈልጋሉ። አንተም ወደፊት ከርቀት የሚሠራ ሥራ ታስባለህ። «ከጀማሪ ልጆቹ ጋር ከዜሮ ልጀምር? የቱን ፍሬምወርክ (ፕሮግራም የሚገነባበትን ዝግጁ ማዕቀፍ) ልያዝ?» ነው ያልከኝ። በድሬ ልማድ «አንተ» እያልኩ ልመልስልህ።

ከዜሮማ አትጀምርም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለጀማሪ ጥሩ ነው። አንተ ግን ሉፕ (ትእዛዝን የሚደጋግም ኮድ) ምን እንደሆነ ለመስማት ወራት አታቃጥል። መነሻህ ታይፕስክሪፕት የሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ይሁን። ማይክሮሶፍት በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው በዋናነት የነደፈው አንደርስ ሄልስበርግ ነው፤ ሲ ሻርፕንም የነደፈው እሱ ነው። ስለዚህ ከሲ ሻርፕ የምታውቃቸው የኮድ አደረጃጀቶች፣ ክላሱ፣ ኢንተርፌሱ፣ ጀነሪኩ አዲስ አይሆኑብህም።

ለዚህ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢሆን ብላዘር የሚባለው የማይክሮሶፍት ፍሬምወርክ ይበቃህ ነበር፤ በዚያው በሲ ሻርፕህ ለብራውዘር ትሠራለህ። የርቀት ሥራ ካሰብክ ግን በታይፕስክሪፕት መጻፍ የሚቻለውን የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሪአክትን ያዝ። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ አብዝቶ የሚጠራው እሱ ነው።

የሚያስቸግርህ ቋንቋው አይደለም። በለመድከው የዊንዶውስ ፎርም ቁልፉ ሲጫን ስክሪኑ ላይ ያለውን የጽሑፍ ሳጥን «ይህን ጽሑፍ አሳይ» ብለህ ታዘዋለህ። በሪአክት ሳጥኑን አትነካውም። ዳታውን ትቀይራለህ፣ ስክሪኑ ተከትሎ ይቀየራል። ልምድ ያለውን ሰው የሚያደናቅፈው ይሄ ነው፤ የለመደ እጅ ሳጥኑን ካልነካሁ ይላል። ሌላም አለ። እስከ ዛሬ ፕሮግራምህም ዳታቤዝህም አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ብራውዘር ግን የሚኖረው ሰው እጅ ላይ ነው፤ የፈለገ ሰው ኮዱን ከፍቶ ያያል። የዳታቤዝ ፓስወርድ በፍጹም እዚያ እንዳታስቀምጥ። ስልኩ ላይ ያጣራኸውን ቁጥርም ሰርቨሩ (ዳታቤዙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ዳግም ያጣራው።

ለሥልጠና ከመክፈልህ በፊት አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ኔትዎርክ ሲጠፋስ?» ሰርቪስ ወርከር (ብራውዘሩ ከገጹ ጀርባ የሚያስኬደው ኮድ) ገጹን ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚያቆይ፣ ኢንዴክስድ ዲቢ (ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ) መረጃውን እንዴት እንደሚይዝ ሠርቶ የሚያሳይህ ከሆነ ተመዝገብ። «እሱ በኋላ ይደርሳል» ካለህ ሌላ ፈልግ። ላንተ ዋናው ነገር ይሄ ነውና።

መለማመጃህ የራስህ የመጋዘን ፎርም ይሁን። ሾፌሩ በደወሌ መንገድ ሲግናል ጠፍቶበት 40 ካርቶን ብሎ መዘገበ እንበል። በዚያው ሰዓት የመጋዘን ጠባቂው 38 ብሎ አስገባ። ሲግናሉ ሲመለስ የማን ይጸናል? ይህን ፍሬምወርኩ አይመልስልህም። ማን እንደሚቆጥር፣ ማን እንደሚፈርም፣ ልዩነት ሲመጣ ማን እንደሚጠራ የምታውቀው አንተ ነህ። ከልጆቹ የምትለየውም በዚህ ነው አቦ።

ያቺን የመጋዘን ፎርም ገጽ ስትጨርስ ሊንኩን ላክልኝ። ኢንተርኔቱን አጥፍቼ በስልኬ እሞክራታለሁ።