መርፌው ጉሮሮ ላይ፣ ሕመሙ ደረት ላይ

ጥያቄ፦ ወንድሜ የጉበት ሕመምተኛ ነው። በምግብ መውረጃ ቧንቧው ላይ ያበጡት ደም መላሽ ሥሮች ፈንድተው ደም አስመለሰው። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) ደም የሚያረጋ መድኃኒት ተወጋ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ደረቱን ያመዋል፣ ሰውነቱም ያተኩሳል። የረጋው ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ይሆን?

መልስ፦ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ከደረት አጥንት ጀርባ የሚሰማ ቀለል ያለ ሕመምና ትኩሳት ብዙዎች ላይ ይታያል። እንደ ኢታኖላሚን ኦሊየት ያለው መድኃኒት የሥሩን የውስጥ ግድግዳ አስቆጥቶ ደሙን እዚያው ስለሚያረጋ፣ በዙሪያው ያለውም ሥጋ አብሮ ያብጣል። ቢሆንም ሕመሙን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስጋትዎ ግን መሠረት አለው። ያ ሥር መውጫ የሌለው ከረጢት አይደለም። ደሙ አዚጎስ በሚባለው ሥር አልፎ ወደ ቀኝ ልብ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል። መጠኑ የሚቆጠበው ለዚህ ነው፦ 5 በመቶ ኢታኖላሚን ለአንድ ሥር ከ1.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ጊዜ ሕክምና በድምሩ ከ20 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ ይሰጣል። ሲበዛ ወደ ደም ዝውውር የሚያመልጠውም ይበዛል፤ ሳንባን ሊያስቆጣ፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሰብሮ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ያሳዩት።

የረጋው ደም ወደ ጉበት በሚገባው ትልቁ ሥር ውስጥም ሊፈጠር ይችላል። ሆዱ በድንገት ከነፋ ወይም ሕመሙ ካየለ የዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን የሚያሳይ ምርመራ) ይጠይቁ።

የተወጋው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። ሳያኖአክሪሌት የተባለው ሙጫ ከሆነ (በአብዛኛው ለጨጓራ ሥሮች ነው የሚውለው) ቁራጩ ወደ ሳንባ፣ በልብ ግድግዳ ላይ ክፍተት ላለበት ሰው ደግሞ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ትንፋሽ ካጠረው፣ አየር ሲስብ ደረቱን ከወጋው፣ ደም ካሳለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አንድ ጎኑ ወይም እግሮቹ ከዛሉ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ እንደገና ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ለሕመሙ ብላችሁ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ደም እንዲፈስ ሊያደርጉ ይችላሉ። ደም ማቅጠኛም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመርም።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ሥሮቹን በጎማ ቀለበት ማሰር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ቁስል ያስከትላል፣ ግን ወደ ደም የሚገባ መድኃኒት የለውም፤ ዛሬ ለምግብ ቧንቧ ሥሮች የሚመረጠውም እሱ ነው።