ሁሉም ሲገርፍ የደረደሩት ልጆች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጊታር መማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አጎቴ ከለንደን ሲመጣ የእንግሊዝ ባንዶች ዘፈን በፍላሽ ሞልቶ አመጣልኝ። ኦኤሲስንና ብለርን ድሮም አውቃቸዋለሁ። የያዙኝ ግን ዘ ብሉቶንስ የሚባሉት ናቸው። ‹ኤክስፔክቲንግ ቱ ፍላይ› የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ አልከፍትም። ጓደኞቼ «የኦኤሲስ ትራፊ» እያሉ ይስቁብኛል። ጆሮዬ ነው የተበላሸው? ደግሞስ በአኩስቲክ ጊታር ልለማመደው እችላለሁ?
ጊታር ተማሪው፣ ከቆጪ፣ ጅማ

መልስ፦ ጆሮህ ደህና ነው። ለጓደኞችህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ያ ትራፊ ያሉት አልበም የካቲት 1988 (በፈረንጆቹ 1996) ሲወጣ የእንግሊዝ አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይ ነው ጉብ ያለው። ከወንበሩ ያስነሳውም የኦኤሲስን ‹ሞርኒንግ ግሎሪ› ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አውቃለሁ። ኦኤሲስ ወዲያው ተመልሶ ተቀመጠ። ቢሆንም አስነስቶታል።

እኔ ጋ የደረሰው በካሴት ነው። ለንደን የነበረ አብሮ አደጌ ከሲዲ ቀድቶ ላከልኝ። ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገብህ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም። ቴፑን ጆሮዬ ሥር አስጠግቼ ነበር የማዳምጠው። አንዱ ዘፈን መሃሉ ላይ ተቆርጦ በካሴቱ ጀርባ ይቀጥላል። ዛሬ በስልኬ ስሰማው እንኳ እዚያች ቦታ ላይ እጄ ካሴት ሊገለብጥ ይነሳል። ኋላ አንድ ጓደኛዬ ተውሶ ወሰደውና ቴፕ በላበት። የመለሰልኝ የተተበተበ ክር ነው።

ልጆቹ የሀውንስሎ ናቸው፤ ምዕራብ ለንደን፣ ሂትሮው ኤርፖርት አጠገብ። ማርክ ሞሪስ ይዘፍናል፤ ወንድሙ ስኮት ቤዝ ይጫወታል፤ ድራሙ ላይ ኤድ ቼስተርስ አለ። ጊታሩ የአዳም ዴቭሊን ነው፤ አንተን የያዘህም እሱ ይመስለኛል። የአልበሙ ርዕስ በእኛ «እበራለሁ ብሎ መጠበቅ» እንደማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ እያለፈ ላደገ ልጅ የሚሆን ርዕስ ነው። እኛ እንኳ እዚህ አባ ጅፋር ኤርፖርት ለምታርፈው ለዚያች ለአንዷ አውሮፕላን ስናንጋጥጥ አይደል ያደግነው?

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። ክራር የሚጫወት ሰው ብትጠይቅ ግርፍንና ድርደራን ይለይልሃል። ግርፍ ክሩን ሁሉ ባንዴ መምታት ነው። ድርደራ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ኦኤሲስ ግርፍ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ስታዲየም ይሞላል። ዴቭሊን ግን ይደረድራል። የ‹ስላይት ሪተርን›ን መግቢያ ስማው። ጊታሩ ከጣሪያ ጠርዝ እንደሚወርድ ጠብታ ነው። ዘፋኙ ሲገባም ከጎኑ ይሄዳል እንጂ አይጫነውም። ዘፋኙም ቢሆን አይጮህም፤ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ ነው የሚመስለው። ይህ ዘፈን በነጠላ ወጥቶ 2ኛ ደረጃ ድረስ ሄደ። 1ኛነቱን የከለከለው ‹ስፔስማን› የሚባል፣ በጂንስ ሱሪ ማስታወቂያ የታወቀ ዘፈን ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ታዲያ ለምን ተረሱ? ስላልተጣሉ ነው ባይ ነኝ። ነሐሴ 1987 (በፈረንጆቹ 1995) ላይ ብለርና ኦኤሲስ ነጠላ ዘፈን በአንድ ቀን አወጡ። ብለር በሽያጭ 274 ሺህ ቅጂ ለ216 ሺህ አሸነፈ። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እንደ ኳስ ጨዋታ ዘገበው። ዝሆኖቹ ሲራገጡ ሣሩን ማን አየው!

ጓደኞችህም ጨርሰው አልተሳሳቱም። ተቺዎች «የማንችስተሩን ባንድ ስቶን ሮዝስን ትመስላላችሁ» ይሏቸው ነበር። ሐሰት አይደለም። የእነዚያን በፈረንጆቹ 1989 የወጣውን አልበም ቀድሞ የሰማ ሰው ዝምድናው አይጠፋውም። የብሉቶንስ አልበም ወደ መጨረሻው አካባቢም ትንሽ ይጎተታል። 11 ዘፈን ነው፤ እኔ ብሆን 9 ላይ አቆም ነበር። የትኞቹን 2 እንደማወጣ ግን በሰማሁት ቁጥር ሐሳቤን እቀይራለሁ።

በአኩስቲክ ትችላለህ። እንዲያውም ይሻልሃል፤ ስህተትህን አይሸፍንልህም። ፒኩን (የክር መምቻውን) ለጊዜው አስቀምጠውና በጣትህ ጀምር። አውራ ጣትህ ወፍራሞቹን ክሮች ይያዝ፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጫጭኖቹን። መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት። ከመጫወትህ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ቃኘው። በጅማ እርጥበት እንጨቱ ያብጣል፣ የብረት ክሩም ይዝጋል። ስትጨርስ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ እርጥብ ግድግዳም አታስደግፈው። እኔ የመጀመሪያ ጊታሬን ክረምቱን ሙሉ ከቡና ጆንያ ጀርባ ትቼው ነበር። መስከረም ላይ ሳነሳው ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው፣ ዝገውም፣ ሁለት ጣቴን አደሙኝ።