ንባብ ላይ ያማረ ተውኔት መድረክ ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን የተውኔት ክበቡንም አስተባብራለሁ። በመንዝ በአባታቸው መሬት ስለተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች የጻፍኩትን ተውኔት ያነበቡት ሁሉ ወደዱት፤ በሙከራ ስናሳየው ግን ታላቁ ወንድም ሁለት ገጽ ሙሉ ሲናገር ተመልካቹ ተሰላቸ። አዳራሻችን መጋረጃም የመድረክ መብራትም የለውም። ጉድለቱ የአዳራሹ ነው ወይስ የጽሑፉ? ጽሑፉን አብሬ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አመቺ አዳራሽ ማጣት አዲስ ችግር አይደለም። በሰሜን ሸዋ ሰያ ደብር የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ» የታየው በሆቴል አዳራሽ ነበር።

ሼክስፒር የጻፈላቸው የለንደን ክፍት ቲያትር ቤቶችም የፊት መጋረጃ አልነበራቸውም፤ ትርኢቱም ከቀትር በኋላ በፀሐይ ብርሃን ይታይ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» ግን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። «ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው በጥበቃ ላይ ያለው ዘብ ሳይሆን ሊተካው የመጣው ነው፤ ይህ የተገለበጠ ጥያቄ ጨለማውንም ፍርሃቱንም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ተሰናባቹ ዘብ ወዲያው ብርዱን ሲያማርር፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ሌሊቱን ያያል። በመጨረሻም የሞቱትን የሚሸፍን መጋረጃ ስለሌለ፣ አራት ሻምበሎች ሐምሌትን እንደ ወታደር ተሸክመው እንዲያወጡት ይታዘዛሉ፤ ሬሳ ከመድረክ የማንሣቱ ግዴታ የክብር ሽኝት ሆነ ማለት ነው።

ወደ እርስዎ ተውኔት ስንመለስ፣ በዚያ ሁለት ገጽ ውስጥ ታናሹ ወንድም የሚሠራው አንዳች ነገር የለውም፤ ቆሞ ይሰማል ብቻ። ነገር ግን የአባታቸውን ባና እንደ ደረበ ራስዎ ጽፈዋል። ታላቁ ዝም ብሎ ተጠግቶ ባናውን ከትከሻው ላይ ቢገፈው፣ አጣጥፎም ጭኑ ላይ አድርጎ ቢቀመጥ፣ የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ተመልካች ክህደቱን ያለ ቃል ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት መስመር ንግግር ይበቃል፤ የቀረው ቢያምርም ይሠረዝ።

አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ልብስ ቀይሮ ሽማግሌ ሆኖ የሚመለስበትም ጊዜ ታስቦ መጻፍ አለበት። ጥምጥሙን እስኪጠመጥም ወንድማማቾቹ ደጃፍ ላይ ይነጋገሩ፤ ሳይጨርስ ምልልሱ ካለቀ ሁለት መስመር ይጨምሩ፣ ቀድሞ ከጨረሰም ይቀንሱ።