ስፒትፋየሩን ብቻ ለምትመኙ

ልጆች፣ እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ምክር ፈልጋችሁ ስትመጡ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ክፍል ያስከብራል? እስቲ የእንግሊዞቹን ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1940 ከጀርመን ጋር ስትዋጋ እንግሊዝ ስፒትፋየር የተባለው ፈጣን ተዋጊ አውሮፕላንም ራዳርም ነበራት። የተመታ አብራሪ ባሕር ላይ ቢወድቅ ማን ያወጣዋል የሚለውን ግን በቅጡ ያሰበበት የለም። ፓራሹቱ አድኖት፣ ቁስል እንኳ ሳይነካው፣ የባሕሩ ብርድ የጨረሰው ስንቱ ነው! ጀርመኖቹ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ክፍል ያቋቋሙት ገና በ1935 ነበር። አብራሪያቸው የአንድ ሰው የጎማ ጀልባ ይይዛል፤ ውሃውን ደማቅ አረንጓዴ የሚያደርግ ቀለምም አለው፣ ከላይ ሆኖ ለሚፈልገው እንዲታይ። እንግሊዞች ሁለቱንም ከጠላት ኮረጁ። ደግ አደረጉ፤ ኩረጃ የሚያሳፍረው ፈተና ላይ ነው።

መጀመሪያ ኪዝ ፓርክ የተባለው አዛዥ ላይሳንደር የሚባሉ ቀርፋፋ አውሮፕላኖች ተውሶ ፍለጋ አስጀመረ። በ1941 መጀመሪያ ለዚሁ የባሕር ላይ ነፍስ አድን ሥራ ራሱን የቻለ መምሪያ ተቋቋመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ 275፣ 276፣ 277 እና 278 የተባሉት ስኳድሮኖች፣ ማለትም የአየር ኃይል ጓዶች፣ ተከተሉ።

የእነሱ ዝነኛ አውሮፕላን ዎልረስ ነው። ብታዩት ትስቃላችሁ። ክንፉ ድርብ፣ ሞተሩ ከኋላ የሚገፋ፣ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ማን የነደፈው ይመስላችኋል? ሬጂናልድ ሚቸል፣ ያው የስፒትፋየሩ ሰውዬ!

ታዲያ ይሄ አስቀያሚ ነገር ባሕሩ ላይ ያርፋል፤ ፈንጂ የተጠመደበት ውሃ ላይ ሳይቀር። ከሠራተኞቹ አንዱ ብቅ ብሎ ሰውየውን በመንጠቆ ወይም በገመድ ይስበዋል። ልብሱ ውሃ ጠጥቶ የከበደ፣ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ራሱን አያግዝማ፤ የሬሳ ያህል ነው የሚከብደው። ማዕበሉ ከበረታ ደግሞ መነሳት የለም። ያኔ አውሮፕላኑ እንደ ጀልባ ውሃውን እየቀዘፈ፣ ሞገድ እየተላተመው፣ ወደ አገሩ ዳርቻ ያዘግማል። ጋዜጣው በብዛት የሚያወራው ስለ ስፒትፋየር ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ የዎልረስን ሞተር የሰማ አብራሪ ግን የቱን እንደሚመርጥ እናንተው ገምቱ።

ስለዚህ ሥራ ስትገቡ፣ ነገር ሲበላሽ የሚጠራው ማን እንደሆነ አጣሩ። ያ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰው የለውም፤ አለቆቹም እጃችሁን ስመው ነው የሚቀበሏችሁ። ደመወዙን ግን አስቀድማችሁ ተደራደሩ።